የማረጥ ወላፈንና የመድኃኒቱ ታሪክ፦ ከ1821 እስከ 2023



ርእሴ በታወጀ ጊዜ፣ ይህ ጉዳይ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ይልቅ ለሕክምና ትምህርት ቤት አይቀርብምን የሚል ጥያቄ ደርሶኛል። ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ላብ የተፈጥሮ ነገር ነው። ነገር ግን ላቡን በምን ስም እንደምንጠራው፣ ለማን እንደምንነግረው፣ ሐኪሙ ሰምቶ ምን እንደሚያዝለትና የታዘዘውን ማን እንደሚሸጠው የታሪክ ጉዳይ ነው፤ እንደ ግብርና፣ እንደ ጦርነት ሁሉ ዘመን ይለዋወጥበታል። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከስሙ ልጀምር። አማርኛችን የወር አበባ ጨርሶ መቋረጥን «ማረጥ» ይለዋል፤ አጭርና የታወቀ ቃል ነው። ከማረጥ ጋር ለሚመጣው ድንገተኛ ሙቀት ግን ሁሉም የሚስማማበት የረጋ ስም አላገኘሁለትም። በዕድሜው ውስጥ ያሉ እናቶችና እኅቶች «ሙቀት ሙቀት ይለኛል»፣ «ፊቴን ያነደኛል»፣ «ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል» ሲሉ እንሰማለን። እኔ በዚህ ንግግር «ወላፈን» እለዋለሁ። ከእሳት ዳር ለቆመ ሰው ፊቱን የሚገርፈው ትኩስ ነፋስ፣ ከደረት ተነሥቶ አንገትንና ፊትን ለሚያጥለቀልቀው ሙቀት የቀረበ ምሳሌ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ወላፈኑ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ይወርዳል፣ ከዚያም ብርድ ይከተላል። በሌሊት ሲመጣ ጋቢውን አስወርውሮ ያስነሣል፤ ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ያንኑ ጋቢ መልሶ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በ1996 የተጀመረውና ከ3,000 የሚበልጡ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ ወላፈን በተደጋጋሚ ለሚያስቸግራቸው ሴቶች ችግሩ በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ እንደሚዘልቅ አሳይቷል። የጥቂት ወራት ነገር ነው የሚለው ማጽናኛ ለብዙዎች አይሠራም።

የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። ባለፉት 200 ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ ለወላፈን የተሰጡት መድኃኒቶች የተነሡትም የወደቁትም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወላፈኑ ውጪ በሆነ ምክንያት ነው። ሴቲቱ ስለ ላቧ ስትናገር ሐኪሙ ስለ ደሟ፣ ስለ አእምሮዋ፣ ስለ ውበቷ፣ በመጨረሻም ስለ ልቧ ያስብ ነበር።

በምዕራቡ ዓለም ዛሬ ለማረጥ የሚሠራበትን ቃል የፈጠረው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ደ ጋርዳን ነው። በ1816 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን አንሥቶ፣ በ1821 «ሜኖፖዝ» የሚለውን ስም ለመጽሐፉ ርእስ አድርጎታል፤ «ወር» እና «ማቆም» ከሚሉት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። ሰፊው ሕዝብ ግን ያን ዕድሜ ለረጅም ጊዜ «አስጊው ዕድሜ» ሲል ኖሯል። ስጋቱ የመነጨው ከጥንቱ የደምና የእርጥበት ትምህርት ነው። በየወሩ ይወጣ የነበረው ደም መውጫውን ካጣ የት ይሄዳል? ወደ ራስ ወጥቶ ያሳብዳል ወይም በሆድ ውስጥ ተከማችቶ ያሳብጣል ተባለ። በዚህ አስተሳሰብ ላቡ ራሱ እንደ መልካም ነገር የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር፤ የታፈነው ደም በቆዳ በኩል መተንፈሻ አገኘ ማለት ነውና።

የለንደኑ ሐኪም ኤድዋርድ ቲልት በዚህ መንፈስ ያደገ ሰው ነው። በ1857 የታተመው ስለ «የሕይወት ለውጥ» የሚናገረው መጽሐፉ ግን አንድ ትልቅ በጎነት አለው፤ 500 ሴቶችን መሠረት አድርጎ ምን እንደሚሰማቸው በሠንጠረዥ ቆጥሯል። ወላፈንና ላብ በዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው ይታያሉ። እንግዲህ ሰውየው ሰምቷል። የሰጠው መድኃኒት ግን ከሰማው አልመነጨም፤ ደም ማፍሰስ፣ አስቀማጭ መድኃኒትና ኦፒየም ነበር። የቲልትን ሠንጠረዥ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር ጎን ለጎን ያነበበ ሰው፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የጻፏቸው ይመስሉታል።

ሐኪም ካልሰማ ሌላ የሚሰማ ይገኛል። በ1875 ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኘው ሊን ከተማ የምትኖር ሊድያ ፒንካም የምትባል የቤት እመቤት፣ በጓዳዋ ታዘጋጀው የነበረውን የዕፅዋት ቅልቅል ለገበያ አቀረበች። ለወር አበባ ሕመምም ለወላፈንም ይጠቅማል ተብሎ የተሸጠው ይህ መድኃኒት ከአሜሪካ አገር በቀል ሥሮች ሌላ አንድ የምናውቀው ነገር ነበረበት፦ አብሽ። ከአብሹና ከሥሮቹ የሚልቀው ግን ወደ 18 በመቶ የሚደርሰው አልኮል ነው። ፒንካም ራሷ የመጠጥ ተቃዋሚ ነበረች፤ አልኮሉ ዕፅዋቱ እንዳይበላሹ የገባ ነው ትል ነበር። ደንበኞቿ ከአልኮሉ ይሁን ከአብሹ እፎይታ ማግኘታቸውን ዛሬ ላይ ሆኖ መለየት አይቻልም።

የዚህች ሴት ትልቁ ፈጠራ ደብዳቤው ነው። በማስታወቂያዎቿ ሴቶችን፣ ለወንድ ሐኪም ለመናገር የምታፍሩትን ለእኔ ጻፉልኝ ትላቸው ነበር፤ እነርሱም ጻፉ። በ1883 ከሞተች በኋላ እንኳ ኩባንያው በስሟ ደብዳቤ መቀበሉንና መመለሱን አላቋረጠም። በ1905 አንድ የታወቀ የሴቶች መጽሔት የመቃብር ድንጋይዋን ፎቶግራፍ አትሞ ጉዱን እስኪያወጣው ድረስ ብዙዎች በሕይወት ያለች ይመስላቸው ነበር። ማታለሉን አልከላከልም። ቢሆንም ያን ያህል ሕዝብ ለማያውቃት ሴት ስለ ላቡ የሚጽፍ ከሆነ፣ በየቤቱ አቅራቢያ ያለው ሐኪም ጆሮ ምን ያህል ዝግ እንደነበር መገመት አያዳግትም። የታሪክ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ምንጭ ሸቀጥ ነው ብለው እንዳይንቁት እመክራለሁ።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእጢዎች ሳይንስ መጣ። በ1890ዎቹ በበርሊን የነበሩ ሐኪሞች የእንቁላል እጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሴቶች ወላፈን ለማብረድ ከእንስሳት እጢ የተዘጋጀ ዱቄት ሰጡ። እዚህ ላይ ትኩረታቸው በእርግጥ ወላፈኑ ላይ ነበር፤ ዱቄቱ ግን ደካማና የማይታመን ነበር። በ1929 ኤስትሮን የተባለው ሆርሞን በአሜሪካና በጀርመን በተለያዩ ተመራማሪዎች ተነጥሎ ወጣ። በ1941 በካናዳ፣ በ1942 በአሜሪካ ፕሪማሪን ለገበያ ቀረበ። ስሙ «እርጉዝ»፣ «ባዝራ» እና «ሽንት» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው፤ መድኃኒቱ በእርግጥም ከረገዙ ባዝራዎች ሽንት ይጣራ ነበርና። ወላፈንን በማብረድ በኩል ይህ ሕክምና ዛሬም ተወዳዳሪ የለውም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የተሰባሰቡት ጥናቶች፣ የሆርሞን ሕክምና የወላፈኑን ብዛት ከአስመሳይ እንክብል ጋር ሲነጻጸር በ75 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በነዚሁ ጥናቶች ምንም መድኃኒት የሌለበትን እንክብል የወሰዱት ሴቶች ወላፈንም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ወላፈን በራሱ ጊዜ እየበረደ ይሄዳልና፣ የፒንካም ጠርሙስም ሌላውም ሁሉ ለምን «የሠራ» ይመስል እንደነበር ይህ ቁጥር በከፊል ያስረዳል።

መድኃኒቱ ለወላፈን ብቻ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ንግግሬ አጭር በሆነ ነበር። በ1966 የኒውዮርኩ የማህፀን ሐኪም ሮበርት ዊልሰን «ሴትነት ለዘላለም» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመ። ማረጥ እንደ ስኳር በሽታ የሆርሞን እጥረት በሽታ ነው፤ ያልታከመች ሴት ደርቃ፣ ጠውልጋ፣ ለባሏም ሸክም ሆና ትቀራለች፤ ስለዚህ ሁሉም ሴቶች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ኤስትሮጅን ይውሰዱ የሚል ነበር። ሰውየው የሚመራው የምርምር ተቋም ከሆርሞን አምራቾች ገንዘብ ይቀበል እንደነበር በኋላ ታውቋል። መጽሐፉ እጅግ ተሸጠ። ልብ በሉ፦ ወላፈን የማያውቃት ሴት ሳትቀር መድኃኒት ፈላጊ ሆነች። ሌሊት በላብ የምትነቃዋ ሴት ደግሞ ወጣትነትን ከምትሸምተው ጋር በአንድ ሰልፍ ቆመች።

ውድቀቱም የሁለቱ የጋራ ሆነ። በታኅሣሥ 1975 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ ኤስትሮጅን ብቻውን የወሰዱ ሴቶች በማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ካልወሰዱት 4.5 እና 7.6 እጥፍ ሆኖ መገኘቱን ገለጹ። አደጋው እውነተኛ ነበር፤ መፍትሔውም ተገኘ፤ ማህፀን ላላቸው ሴቶች ፕሮጄስቲን የተባለ ሁለተኛ ሆርሞን ተጨመረ። በዚያው በ1975 ጆርጅ ሞልናር የተባለ የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ወላፈን ሲነሣ የሰውነት ሙቀት እንዴት እንደሚለዋወጥ በመሣሪያ ለክቶ አሳተመ፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥንቃቄ የተሞላባቸው ልኬቶች አንዱ ነው። ፕሪማሪን 30 ዓመት ከተሸጠ በኋላ መሆኑ ነው!

ገበያው ከ1975ቱ ድንጋጤ ሲያገግም አዲስ ምክንያት ያስፈልገው ነበር፤ ልብ ሆነ። ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የልብ ሕመማቸው ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን የታዘቡ ጥናቶች ነበሩ። ይህ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው ወይስ ሆርሞን የሚታዘዝላቸው ሴቶች ድሮውንም ሀብታምና ጤነኛ ስለሆኑ? ለመለየት ሴቶችን በዕጣ መክፈል ግድ ይላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተራቸው በበርናዲን ሂሊ ዘመን፣ በ1991፣ ታላቁን የሴቶች ጤና ጥናት ጀመሩ። ሁለቱን ሆርሞኖች አጣምሮ በሚፈትነው ክፍል 16,608 ሴቶች ገቡ፤ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79፣ አማካዩ 63 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የንግግሬ እምብርት ነውና። ጥያቄው ሆርሞን የልብ ሕመምን ይከላከላልን የሚል ስለነበር፣ የልብ ሕመም የሚበዛባቸው በዕድሜ የገፉ ሴቶች ተፈለጉ። ወላፈን የሚያሠቃያቸው ሴቶች ግን እንዲገቡ አልተበረታቱም፤ የተሰጣቸው እንክብል እውነተኛ ይሁን አስመሳይ በሳምንታት ውስጥ ያውቁታል፣ ምስጢሩም ይፈርሳል። ለጥናቱ አሠራር ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ውጤቱ ሲታወጅ ግን ይህ ተረሳ። በሐምሌ 2002 የጥናቱ ያ ክፍል በአማካይ ከ5.2 ዓመት ክትትል በኋላ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ፤ የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ጨመረ ተባለ። 26 በመቶው ሐሰት አልነበረም። ከ10,000 ሴቶች በዓመት 30 የነበረው የጡት ካንሰር ቁጥር 38 ሆነ ማለት ነው። ስትሮክም የሳንባ የደም መርጋትም በተመሳሳይ መጠን፣ እያንዳንዱ በ8 ጨምሯል፤ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5፣ የአንጀት ካንሰር በ6 ቀንሷል። ልብን ይከላከላል የተባለው ግን በ7 አብሶታል። በጋዜጣ አርእስት ላይ የወጣው የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

በ2003 የመጀመሪያ ግማሽ ዓመት የተጣመረው መድኃኒት ትእዛዝ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው በ66 በመቶ፣ የፕሪማሪን በ33 በመቶ ወረደ። ከተዉት መካከል ለልባቸው ብለው የጀመሩት የ65 ዓመት እመቤቶች ነበሩ፤ መተዋቸው መልካም ነው። ሌሊት አራት ጊዜ እየነቁ በቀን የሚሠሩ የ51 ዓመት ሴቶችም ነበሩ። እነርሱን የሚመለከት ማስረጃ ቀስ ብሎ መጣ። በ2004 የቆመው፣ ማህፀናቸው ለወጣ 10,739 ሴቶች ኤስትሮጅን ብቻውን የተሰጠበት ክፍል የስትሮክ መጨመርን እንጂ የጡት ካንሰር መጨመርን አላሳየም። በ2007 የወጣው ዳግም ትንተና ደግሞ ካረጡ 10 ዓመት ሳይሞላቸው የጀመሩት ሴቶች ላይ የልብ ሕመም ጭማሪ አላገኘም። የማረሚያውን ዜና ግን ያን ያህል ጋዜጣ አላተመውም። በእኔ ፍርድ ጥናቱ ጥሩ ጥናት ነው፤ ላልተጠየቀው ጥያቄ መልስ አድርገው ያነበቡት ናቸው የተሳሳቱት።

እስካሁን የተናገርሁት ወላፈን በሁሉም ሴት ዘንድ አንድ ዓይነት እንደሆነ አድርጌ ነው። ይህን ያጠያየቁት የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ከቀደምቶቹም አንዷ ስማቸው ለጆሯችን ባዕድ ያልሆነው ዶክተር የውብዳር በየነ ናቸው። በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ በሜክሲኮ የዩካታን ማያ ገበሬ ሴቶችንና በግሪክ የኤቪያ ደሴት ገበሬ ሴቶችን አነጻጽረዋል። የማያ ሴቶች ወላፈን እንደማያውቃቸው ነገሯቸው፤ ማረጥንም እንደ ነጻነት ይናፍቁት ነበር። የግሪክ ሴቶች ወላፈኑም የሌሊት ላቡም ነበረባቸው፤ ግን የሚያልፍ ነገር ነው ብለው ወደ ሐኪም አይሄዱም። እንግዲህ የማያ ሴቶች ሆርሞናቸው ይለይ ይሆን? በ1993 ዶክተር የውብዳር የተሳተፉበት ጥናት ደማቸውን ሲመረምር፣ ኤስትሮጅናቸው ከሌሎች ሴቶች ባልተለየ ሁኔታ ወርዶ ተገኘ። በዚሁ በ1993 ማርጋሬት ሎክ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በጃፓን በቅርብ ሳምንታት ወላፈን የተሰማቸው ከ10 ሴቶች አንድ ያህል ሲሆኑ፣ በሰሜን አሜሪካ ሲሶ ያህል ነበሩ፤ የጃፓን ሴቶች ይበልጥ የሚያማርሩት የትከሻ መገተርን ነው። በሌሎች የማያ ማኅበረሰቦች የተደረጉ የኋላ ጥናቶች ወላፈን አግኝተዋልና «ማያ ወላፈን የላትም» የሚለው ተረት ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያሻል። አመጋገብ፣ የወሊድ ብዛት፣ የአየሩ ጠባይ፣ የጠያቂው አነጋገር፣ ሁሉም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

ከቤተ ሙከራው በኩል በመጨረሻ ወደ ወላፈኑ ራሱ የተመለሰች መንገድ አለች። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ናኦሚ ራንስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካረጡ በኋላ የሞቱ ሴቶችን አንጎል መርምረው፣ ሃይፖታላመስ በተባለው ክፍል የተወሰኑ ሕዋሳት ገዝፈው አገኙ። እነዚህ ሕዋሳት ኤስትሮጅን ሲቀንስ ልጓማቸው ይላላል፤ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረውንም ማእከል ያውካሉ። ስለዚህ ጥቂት የሙቀት ለውጥ እንኳ ሰውነትን እንደ ጋለ አስመስሎ ላብ ያስወጣል። ከዚህ ግኝት የተወለደው ሆርሞን ያልሆነ መድኃኒት፣ ፌዞሊኔታንት፣ በግንቦት 2023 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። ከመድኃኒት ውጪ ደግሞ በለንደን ማይራ ሃንተርና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያወጧቸው ሙከራዎች፣ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የወላፈኑን ቁጥር ባይቀንስም ማስጨነቁን እንደሚያቀል አሳይተዋል። የሚደራረብ ስስ ልብስ፣ ቀዝቀዝ ያለ መኝታ፣ ማራገቢያ የሚሉትን ምክሮች ታሪክ አልሻራቸውም፤ ማንም አትርፎባቸው ስለማያውቅ ይሆናል።

ወደ አገራችን ልምጣና ላብቃ። የዶክተር የውብዳርን የማያ ምዕራፍ ሳነብ የእኛው ነገር ትዝ ይለኛል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ መቅደስ የማትገባ ሴት፣ ስታርጥ ያ ገደብ ይነሣላታል፤ ቆብ ደፍተው የሚመነኩሱት ብዙዎቹ እናቶችም በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። በቤተ እስራኤል ዘንድም በየወሩ ወደ መርገም ጎጆ መውጣት በማረጥ ያበቃ ነበር። ይህ የከበሬታ በር የወላፈኑን ክብደት ያቀል ነበርን ወይስ ስለ ወላፈኑ መናገርን ይበልጥ ያሳፍር ነበር? ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ቢኖር እነሆ።

ምንጩንም ልጠቁም። በአገራችን «ሌሊት ያልበኛል» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ወባ ወይም ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ መጠርጠሩም ትክክል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በተለይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ልየታ እንዲጠየቁ ካዘዛቸው አራት ምልክቶች አንዱ የሌሊት ላብ ነው፤ ሌሎቹ ሳል፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ናቸው። ሳል ያላት ወይም የከሳች የ50 ዓመት ሴት ሳትመረመር «የዕድሜ ነው» ተብላ መሸኘት የለባትም። አክታዋ ነጻ ሆኖ ላቡ ከቀጠለ ግን የሚከተለው ጥያቄ የወር አበባሽ መቼ ቆመ የሚለው ነው። ያ ጥያቄ በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን እንደተጠየቀ በሕሙማን መዝገብ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት የታሪክ ባለሙያ ሥራ ነው።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ።